ልጄ፣ በሩ ላይ ቁሚ

ልጄ፣

ትናንት ስልኩን ከዘጋሽው በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። «አባዬ፣ ክፍሉ ከእጄ ወጣ፤ አንዷን ልጅ አፍሽን ዝጊ ብዬ ጮህኩባት» ያልሽው ጆሮዬ ላይ ቀረ። በስልክ የመለስኩልሽ ደግሞ ምንም አላማረኝም፣ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የፈተና ወረቀት ስመልስ ውጤቱን ጮክ ብዬ እያነበብኩ ነበር። ያነቃቸዋል ብዬ ነው እኮ! የአንዱን ልጅ «ከ20 ሦስት» ብዬ ሳነብ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ፣ ሙድ ያዙበት፣ እኔም ይቅር ይበለኝና ፈገግ አልኩ። ልጁ አላለቀሰም። ወረቀቱን ተቀብሎ አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው፣ የክብሪት ቀፎ እስኪያክል ድረስ አጣጥፎ ጨበጠው። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን እጁን አላወጣም። ሲጽፍ እንኳ ደብተሩን በክንዱ ይከልል ነበር። እኔ «ሰነፍ ነው» ብዬ ተውኩት። ሰነፍ አልነበረም። እኔ ክፍል ውስጥ መሳሳት እንደሚያዋርድ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶት ነው።

የትምህርት ቤት ድባብ የሚሉት ነገር ይሄው ነው። ግድግዳ ላይ «መከባበር መለያችን ነው» ብሎ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ከሥሩ ቆሞ የሚጮህ መምህር ካለ ልጆቹ የሚያነቡት መምህሩን ነው።

ጠዋት በሩ ላይ ቁሚ። በየስማቸው ሰላም በያቸው። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ግን ዓይኗ አብጦ የመጣችውን፣ ሁሉም እስኪገባ ጠብቆ ብቻውን የሚገባውን ስም ስትጠሪ አታገኚውም፤ በሩ ላይ ነው የምታገኚው።

አንዱ ተናዶ ደብተር ሲወረውር ደግሞ «ተረጋጋ!» ብለሽ አትጩኺ። እየጮሁ ተረጋጋ ማለት ምን ይባላል? ድምፅሽን ዝቅ አድርጊና ጠጋ በዪ። «ተናደሃል፣ ይገባኛል። ውሃ ጠጥተህ ና፣ ከዚያ እናወራለን» በዪው። ሲመለስ ግን የወረወረውን ያነሳል፣ የመታውንም ልጅ ያናግራል። ደግ መሆንና ዝም ብሎ ማሳለፍ ለየቅል ናቸው፤ አዲስ መምህራን እዚህ ላይ ነው የሚምታታባቸው። ስሜትን መግዛት በቃል ብቻ አይጠናም፣ ልጆቹ አንቺ ስትናደጂ ምን እንደምታደርጊ እያዩ ነው የሚለምዱት።

ስለ መበሻሸቁም ጠይቀሽኝ ነበር። ፊንላንድ ውስጥ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ኪቫ የሚባል ፕሮግራም አለ። እኔ የወደድኩለት በዳዩንና ተበዳዩን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ቆመው የሚያዩትንም ስለሚያስተምር ነው። እውነት ነው፣ ሳቂ ከሌለ ቀልደኛው ቶሎ ይሰለቸዋል። የእኔን ክፍል ሳስበው ያን ልጅ የሰበረው ሦስት ማግኘቱ አይመስለኝም፣ የዚያ ሁሉ ልጅ ሳቅ ነው፣ በተለይ ደግሞ የእኔ።

«ጊዜ የለኝም፣ ፖርሽን አልሸፈንኩም» እንደምትዪ አውቃለሁ፤ ስትማሪም ሰበብ አታጪም ነበር። በፈረንጆቹ 2011 የወጣ አንድ ጥናት ስሜትንና ማኅበራዊ ክህሎትን የሚያስተምሩ 213 ፕሮግራሞችን ሰብስቦ አይቷል። ከ270,000 በላይ ተማሪዎች ነበሩበት። ይህን የተማሩት ልጆች በትምህርት ውጤታቸውም ካልተማሩት በ11 ፐርሰንታይል ነጥብ፣ ማለትም መቶ ልጆች በውጤት ቢደረደሩ በ11 ደረጃ ያህል፣ በልጠው ተገኝተዋል። አይገርምም፤ የፈራ ልጅ አይጠይቅም፣ ያልጠየቀ ደግሞ ሳይገባው ያልፋል። እንደውም ፖርሽኑን የሚበላው ጠዋት ሰላም ማለት ሳይሆን ሥርዓት ለማስያዝ ስትጮኺ የሚያልፈው ሰዓት ነው።

ይሄን ሁሉ ብቻሽን ተሸከሚ እያልኩሽ አይደለም። መምህራኑ እርስ በርስ የሚፈራሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ብቻውን ሰላም ሊሆን አይችልም። እዚያ ካሉት አንዷን እንኳ የልብ ወዳጅ አድርጊ፣ ሲከፋሽ እሷ ዘንድ አውጪው፣ ልጆቹ ላይ እንዳይወርድ።

እኔ ያን ልጅ ይቅርታ ሳልጠይቀው ዓመቱ አለቀ፣ እሱም ሌላ ትምህርት ቤት ገባ። ያንቺዋ ግን ሰኞ ትመጣለች። የጮህሽባት ሁሉም ፊት ነውና ይቅርታውም ሁሉም ፊት ይሁን። አታብዢው፣ «ያን ቀን መጮኼ ልክ አልነበረም፣ ይቅርታ» ካልሽ ይበቃል፣ ከዚያ ወደ ትምህርቱ ግቢ።

ምን እንዳለችሽ ማታ ደውለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ