ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ደሴ

ጉዳዩ፦ ልጆቻችሁ ስለሚያነቡት ልብ ወለድ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ቢሮዬ ድረስ መጥታችሁ «የአሜሪካኖች የዘር ጣጣ ለልጆቻችን ምን ያደርግላቸዋል?» ብላችሁኛል። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለመሰለኝ ለሁላችሁም ልመልስ።

መጽሐፉ ሃርፐር ሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመችው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። ታሪኩ በ1930ዎቹ አላባማ ውስጥ የሚፈጸም ነው። ቶም ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ አንዲት ነጭ ሴት ደፍረሃል ተብሎ ይከሰሳል። ሴትዮዋ የተመታችው በቀኝ የፊቷ በኩል ነው፤ የመታት ሰው ግራኝ ሳይሆን አይቀርም። የቶም ግራ እጅ ደግሞ በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ይዞት ሽባ ሆኗል። ግራኙ የገዛ አባቷ ነው። ይህ ሁሉ ችሎት ፊት ታይቶ፣ ፍርድ እንዲሰጡ የተቀመጡት ነጮች ቶምን ጥፋተኛ አሉት።

ደራሲዋ ይህን ከሰማይ አላወረደችውም። እ.ኤ.አ. በ1931 በዚያው አላባማ ዘጠኝ ጥቁር ወጣቶች ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶችን ደፍራችኋል ተብለው ተከስሰው፣ ስምንቱ ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። ለሦስቱ ይቅርታ የተደረገላቸው ከሞቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ቶም የከሰሰችውን ሴት ቀደም ሲል ያለ ክፍያ ለምን እንዳገዛት ችሎት ፊት ሲጠየቅ «አዘንኩላት» ይላል። የጎዳው ይህ ቃል ነው፤ ጥቁር ሰው ለነጭ ማዘኑን የችሎቱ ነጮች እንደ ድፍረት ቆጠሩት። መምህሩ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም አላስፈለገውም። አንዲት ተማሪ ከኋላ ሆና «አንተ ማን ነህና ነዋ!» አለች፤ ሁሉም ገባቸው። ይህን አነጋገር ከየት እንደሰሙት እናንተም እኔም እናውቃለን።

በዚያው ሳምንት በእረፍት ሰዓት አንድ ልጅ ጓደኛውን በቆዳው ጥቁረት «ባሪያ» ብሎ ሲሰድበው ሰማሁ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም። እናቷ ሸክላ ሠሪ የሆነች ሌላ ልጅም ምሳዋን ለብቻዋ ስትበላ ቆይታለች። ማንም አልሰደባትም፤ አብሯት የሚቆርስ ግን አልነበረም።

ስለ ልጆች ብቻ መናገር አይገባኝም። እኔም ባደግሁበት ቤት ሸክላ ሠሪዋ ጀበና ይዛ ስትመጣ የምትጠጣው በተለየ ሲኒ፣ ደጅ ቆማ ነበር። ሲኒውን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። ቡናው የፈላው እሷ በሠራችው ጀበና ነው፤ ለምን ወደ ቤት እንደማትገባ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። ንጉሥ ሚካኤል ላሠሩት አዳራሽ «አይጠየፍ» የሚል ስም በወጣለት ከተማ ስለምንኖር ይህ የበለጠ ይከብደኛል።

መጽሐፉ ጉድለት የለበትም አልልም። ተራኪዋ ለቶም የቆመው ነጭ ጠበቃ ልጅ፣ ነጭ ሕፃን ናት፤ ቶምና ቤተሰቡ ብዙም አይናገሩም። መምህሩም ስለዚህ ነው ተማሪዎቹ የፍርዱን ሌሊት የቶም ሚስት ሔለን ሆነው በአማርኛ እንዲጽፉ ያዘዛቸው።

የመደፈር ክሱ ያሳሰባችሁ ወላጆችም አላችሁ። መምህሩ በጥንቃቄ ነው የያዘው። ሴቶች ይዋሻሉ የሚል ትምህርት እንዳይወሰድ፣ በእኛ አካባቢ ተደፍረው ዝም የሚሉት ምን ያህል እንደሚከብዳቸውም ተነጋግረውበታል። አሁንም ቅር የሚለው ወላጅ ካለ በሬ ክፍት ነው።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት ቡና ሲፈላ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና፣ በልጅነታችሁ በዘሩ፣ በመልኩ ወይም በሙያው የተገፋ ሰው አይታችሁ እንደሆነ ንገሩት። እናንተም ገፍታችሁ ከሆነ አትደብቁት። ተማሪዎቹ ይህንንም ከሔለን ታሪክ ጋር አብረው ይጽፉታል፤ የማንም ስም አይጠቀስም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በቤተ መጻሕፍታችን የጻፉትን ያነቡላችኋል። ንባቡ በአማርኛ ስለሆነ ፊደል ያልቆጠራችሁ እናቶችና አባቶችም እንዳትቀሩብን።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህሩ