ማንን መረጥሽ ላልከኝ ወንድሜ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ኅዳር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ከዘጋኸው ይኸው ሦስት ሳምንት አለፈው። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩልህን ማየትህን አውቃለሁ። ዛሬ እዚህ ታንክስጊቪንግ የሚሉት የምስጋና በዓል ነው፣ ሥራ የለም። የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በወረቀት ልጻፍልህ አልኩ። ከእማዬ የግፊት መድኃኒት ጋር ይሰጥሃል።

ለእህታችን ለሚጡ ሠርግ የላኩት 1,200 ዶላር ባንክ ገብቷል ይለኛል። እናንተ ጋ መድረሱን ከአንተ አፍ ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23፣ ከሥራ በፊት ልምረጥ ብዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ደረስኩ። የምንመርጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አንዲት አሮጊት መታወቂያዬን አየችና ስሜን እንደምንም ብላ ጠራችው። ወረቀት ሰጠችኝ። ከስሙ ጎን ያለችውን ክብ በጥቁር እስክሪብቶ መሙላት ነው። ለአገረ ገዥነት የቀረቡት ዋናዎቹ ዲሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍና ሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ነበሩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ሲታደል ነበር። ባይደን አገራችንን በድሏልና ያንግኪንን ምረጡ፣ ዲሞክራቶቹ ይቅመሷት የሚል። የሚያድሉት የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ወሎ ቤተሰብ አላቸው፣ ያን ሰሞን በጦርነቱ ምክንያት ደሴ ሲደውሉ ስልክ አይነሳላቸውም ነበር። እንዴት እፈርድባቸዋለሁ? ወረቀቱን ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ግን ማኮሊፍን መረጥኩ። ወረቀቱን ማሽኑ ስቦ አስገባው። «መርጫለሁ» የምትለዋን ተለጣፊ ደረቴ ላይ አድርጌ ሥራ ገባሁ።

ማታ ስወጣ ዜናውን ሰማሁ። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ሊያስወጣ ነው። በዚያው ቀን! ሌሊት አንተ ደወልክ። «ማንን መረጥሽ?» አልከኝ። ለዚህ ልዋሽህ አልፈለግኩም፣ ነገርኩህ። «የሚጡን እንጀራ የሚቆርጡትን» አልክና ዘጋኸው።

የአገረ ገዥ ምርጫ ከአጎዋ ጋር አይገናኝም፣ ያንን የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው። ይሄን ልነግርህ ስጀምር ማመካኛ መሰለህ። ይሁን። ባይደንንም አምና የመረጥኩት እኔው ነኝ፣ አልክድህም። ያን ጊዜ የመረጥኩበትን ምክንያት ዛሬም አምንበታለሁ። አጎዋን ማንሳቱ ግን በደል ነው። ጦርነቱን ያልጀመረች፣ ልታቆመውም የማትችል፣ ከሌሊት ጀምራ ሰርቪስ የምትጠብቅ ልጅ የምትቀጣበት ምክንያት አይታየኝም። የሴናተራችን ቢሮ ደውዬ ይሄንኑ ተናግሬያለሁ። ስልኩን ያነሳው ወጣት ልጅ ነው። ዚፕ ኮዴን ጠየቀኝ። እህቴ ሃዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ትሰፋለች፣ እናንተ የምትለብሱትን፣ አልኩት። ሲጽፍ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። «ኖ ሞር» ሰልፍም ወጥቻለሁ፣ እነዚያ ወረቀት ካደሉኝ ሰዎች ጋር ጎን ለጎን ቆሜ። የመረጥኩትን መንግሥት በአደባባይ ተሳስተሃል ስለው ማንም ምንም አላለኝም። እዚህ አገር ከምወደው አንዱ ይሄ ነው።

ለምን እነሱን እንደምመርጥ ደግሞ እስከዛሬ የደበቅኩህን ልንገርህ። እማዬ እንዳትሰማ፣ አደራ።

በ2011 ፋሲካ ሁለት ሳምንት ስልኬ ተበላሸ ብዬህ ነበር። አልተበላሸም። ሐሞቴ ጠጠር ሞልቶት ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ ሲነሳብኝ ጠርሙስ ሙሉ ሙቅ ውሃ ሆዴ ላይ አቅፌ አድር ነበር። ኢንሹራንስ ስላልነበረኝ ሐኪም ቤት መሄድ እፈራለሁ። አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሄጄ የመጣብኝ ቢል ለወራት እንቅልፍ ነስቶኛል። በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ ቨርጂኒያ ሜዲኬይድን፣ የመንግሥቱን የጤና ኢንሹራንስ፣ እንደኔ ገቢው ዝቅ ላለ ሠራተኛ ከፈተችው። ማኮሊፍ አገረ ገዥ ሳለ አራት ዓመት የታገለለት ነገር ነው። ምክር ቤቱን የያዙት ሪፐብሊካኖች እምቢ አሉት። በፈረንጆቹ 2018 በሱ ቦታ የመጣው ኖርታም ፈረመው። ዛሬ ከ500 ሺህ በላይ ሰው በዚያ ይታከማል። ያን ኦፕራሲዮን ከኪሴ ብከፍል ኖሮ የእማዬ ቤት ቆርቆሮ አይቀየርም ነበር። ክቧን ሳጠቁር በልቤ የነበረው ይሄ ነው፣ ሆዴ ላይ ያሉት አራት ትንንሽ ጠባሳዎች።

ሌላም አለ። ቀን አንዲት አሮጊት ቤቷ ከምንከባከብበት ሥራ ሌላ ማታ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። አልነገርኩህም፣ እንዳታስብ ብዬ ነው። አይከብደኝም፣ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ። እዚያ የሚከፍሉኝ የመጨረሻውን ዝቅተኛ ነው። ለዓመታት በሰዓት 7.25 ዶላር ነበር። ዲሞክራቶቹ ሁለቱንም ምክር ቤት ሲይዙ ሕግ አወጡና ባለፈው ሚያዝያ 23 ወደ 9.50 ከፍ አለ። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት 11 ይገባል። ቀኑን በኛ ስቆጥረው ታኅሣሥ 23 ነው። አጎዋ የሚያበቃውም ታኅሣሥ 23። የኔ በሚጨምርበት ቀን የሚጡ አደጋ ላይ ይወድቃል። ይሄን ካሰብኩ ወዲህ አንሶላ ሳጥፍ እጄ ይቆማል።

ትራምፕ ቢሆን ይሻለን ነበር ያልከውን ግን አልቀበልህም። አምና ጥቅምት 13 ካሜራ ፊት ሆኖ ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች ያለው ማን ነው? እማዬ ከመቀነቷ ፈትታ ቦንድ የገዛችበትን ግድብ። በግድቡ ሰበብ እርዳታ ያገደብንም የሱ መንግሥት ነው። ዲቪ ይቅር ሲል የነበረውም እሱ ነው፣ እኔ ደግሞ የመጣሁት በዲቪ ነው። ያንተንም ዘንድሮ መስከረም 26 እንደተከፈተ የመጀመሪያው ቀን ሞልቼልሃለሁ። ኤርትራዊው ጎረቤቴ የትራምፕ የቪዛ እገዳ ሲወጣ የሚስቱ ነገር ቆሞበት፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ባይደን እገዳውን ያነሳው ሥልጣን በያዘበት ቀን ነው።

ደግሞ የፈረንጆቹ ጥር 6። ተሸነፍኩ አልልም ያለ ሰው ደጋፊዎች ካፒቶልን ሰብረው ሲገቡ እኔ ወንዙን ተሻግሮ አርሊንግተን አሮጊቷ ቤት ነበርኩ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የ97 ምርጫ ትዝ አለኝ፣ እማዬ በሩን በወንበር ስታስደግፍ፣ አንተን ከአልጋው ሥር ስታስገባ። እዚህም ያው ሊሆን ነው ብዬ ጉልበቴ ከዳኝ። ዘንድሮ ማኮሊፍ ወደ 64 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ተሸነፈ። በማግስቱ ጠዋት ወጥቶ አሸናፊውን እንኳን ደስ ያለህ አለው። አዝኛለሁ፣ ግን ሰላም ተኛሁ። አንተም ደስ እንዳለህ አውቃለሁ፣ ደስ ይበልህ።

አሁን ስለ ሚጡ እናውራ። ፋብሪካ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። እሷ ሳትጠይቅ እንዳትነግሯት፣ የጥር ሠርጓ እስኪያልፍ። የሙሽራው ወገን ምን ይላል? ሥራ ብትፈታ ዓይናቸው ይቀየራል? ቁርጡን ንገረኝ። እኔ ፈቃድ ከለከሉኝ ያልኳት ውሸት ነው። የላኩት የትኬቴ ገንዘብ ነው። ትኬት ልቁረጥ ወይስ ልላክ እያልኩ ሁለት ሌሊት ስቆጥር አደርኩ። ድግሱ እንዳይጎድል አልኩ። በቪዲዮ አታስገቡኝ ልል ነበር፣ ግን አስገቡኝ። ሚጡ የእማዬን ጉልበት ስትስም ልይ። ሐይቁ ዳር ፎቶ ስትነሱ ወደ አሞራ ገደል አዙራችሁ አንዴ አሳዩኝ። የዓሣውን ሾርባ ሽታ እዚህ የትም አጣሁት።

እማዬ ግፊቷ ስንት ነው? ደህና ናት አትበለኝ። ሲለካ የላይኛውንም የታችኛውንም ጽፈህ ላክልኝ። መድኃኒቱን ጠዋት ጠዋት አንዷን ብቻ። ጨው ትቀንስ፣ ብትቆጣህም ቀንስባት።

ሻንጣው ውስጥ ሰማያዊ ሸሚዝ አለ፣ ለሙሽራው ነው። እዚህ ሱቅ ውስጥ አንገቱ ላይ «በኢትዮጵያ የተሠራ» የሚለውን አይቼ ገዛሁት። ስድስት ወር ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተሰቅሎ ኖረ፣ ማታ ስገባ እጅጌውን እነካዋለሁ። ለሚጡ አሳያትና ጠይቅልኝ። ኮሌታው የነሱ ሼድ ስፌት ነው? ታውቀዋለች። መልሱን ጽፈህ ሳይሆን ደውለህ ንገረኝ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ በእናንተ ሰዓት ሥራ ላይም ብሆን አነሳለሁ።

እህትህ