ይድረስ ለልጄ፦ ለእባቦችሽ አይጥ ማርባትሽ ካልቀረ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቦል ፓይተን ለሚባሉት ለሁለቱ እባቦችሽ አይጥ እቤት ላርባ ብለሽ መቁረጥሽን ሰማሁ። የገንዘቡን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ለሁለት እባብ ብሎ ማርባት አያዋጣም። የመኖው፣ የጉዝጓዙና አይጦቹን ለመግደያ የሚሆነው ጋዝ ወጪ ሲደመር በረዶ የሆነ አይጥ በጅምላ ከመግዛት ይበልጣል። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ እባቦችሽ የሚበሉት ምን በልቶ እንዳደገና እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ለዚህ ከሆነ የምትለፊው፣ አይጦቹን እንደ ቀለብ ብቻ አትያቸው። እናቲቱ ካልተመቻት ልጆቿ አይተርፉም፤ እነሱ ካልተረፉ እባቡም ጦሙን ያድራል።

ስንት እንደሚያስፈልግሽ ሳታሰይ ምንም አትግዢ። 1,500 ግራም የሚመዝነው ትልቁ እባብ በየሁለት ሳምንቱ የክብደቱን 5 በመቶ፣ ማለትም 75 ግራም ገደማ የሆነ አይጥ ይበቃዋል። 300 ግራም የሆነው ትንሹ ገና በማደግ ላይ ስላለ በየሳምንቱ ከ30 እስከ 45 ግራም ይፈልጋል። በዓመት የሁለቱ ተደምሮ 80 አይሞላም። አንዲት እንስት አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ስለምትወልድ፣ ሁለት እንስቶች በዓመት አራት አራት ጊዜ ከወለዱ አለቀ። ከሁለት እንስትና ከአንድ ወንድ በላይ እንዳትጀምሪ። ቦል ፓይተን ደግሞ በብርዱ ወቅት ለወራት አልበላም የሚል ፍጥረት ነው፤ እሱ ሲጦም አይጦቹ ያድጋሉ፣ ከአፉም በላይ ይሆናሉ። ብዙ አርቢ የሚቸገረው በማነስ ሳይሆን በመብዛት ነው።

የምትገዢው ከአርቢ ይሁን፣ ትልቋን ዝርያ፣ አይጠ መጎጥ የምንላትን። ከጓሮ የተያዘ አይጥ ፈጽሞ አይግባ፤ የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፣ መርዙም ወደ እባቡ ይተላለፋል። ወንዱን ብቻውን አታኑሪው፣ አይጥ ብቸኝነት አይስማማውም፤ ከመጀመሪያው ውላጅ አንድ ወንድ ልጁን አስቀሪለት።

ሳጥኑ ከወፍራም ፕላስቲክ የተሠራ፣ ወለሉ ቢያንስ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ክዳኑንና ሁለት ጎኑን በሰፊው ቆርጠሽ የብረት ወንፊት ሽቦ በብሎን እሰሪበት፤ ለትልልቆቹ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር፣ ለወላዷ ሳጥን 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሽቦውን ከውስጥ በኩል አድርጊው። አይጥ ለስላሳ ግድግዳ መብላት አይችልም፤ ጥርሱ የሚይዝበት ጠርዝ ካገኘ ግን በአንድ ሌሊት ጭንቅላቱን የሚያስወጣ ቀዳዳ ይከፍታል። የተቆረጠው ፕላስቲክ ጠርዝ በሽቦው መሸፈኑን በጣትሽ እየዳሰስሽ አረጋግጪ።

ጉዝጓዙ አስፐን የሚባል ዛፍ ፍቅፋቂ ወይም የወረቀት ይሁን፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፍ። ጥሩ ሽታ ያለው የጥድና የዝግባ ዓይነት እንጨት ይቅርብሽ፤ ሽታው ራሱ ሳንባና ጉበት ይጎዳል። አይጥን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የሽንቱ አሞኒያ ነው። አብዛኞቹ አይጦች ማይኮፕላዝማ የሚባል የመተንፈሻ ባክቴሪያ ይዘው ይኖራሉ፤ አሞኒያው ሳንባቸውን ሲያቆስለው በሽታው ይነሳል። ማስነጠስ፣ ሲተነፍሱ ጥርር የሚል ድምፅ፣ በዓይንና በአፍንጫ ዙሪያ ደም የሚመስል ቀይ ፈሳሽ ታያለሽ። ደም አይደለም፣ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ነው፤ የመታመም ወይም የጭንቀት ምልክት ነው። ክዳኑን ስትከፍቺ ሽታው አፍንጫሽን ከመታሽ እነሱ ቀድመው ታመዋል ማለት ነው። በሳምንት አንዴ ሙሉውን፣ የሚሸኑበትን ጥግ ደግሞ በየሁለት ቀኑ ቀይሪ።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይሁን፤ ከ30 ካለፈ ወንዱ ሊመክን ይችላል። ስለዚህ የእባቦቹ ማሞቂያ ካለበት ክፍል አርቂያቸው፤ የአይጥ ሽታም እባቦቹን ያለ ሰዓታቸው ያቁነጠንጣቸዋል። የዴንቨር አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥበቱን ለኪ። ከ40 በመቶ በታች ሲወርድ የግልገሎቹ ጭራ እንደ ቀለበት ሊታነቅና ከዚያ በታች ያለው ሊሞት ይችላል።

መኖው ብሎክ የሚባለው ድፍን የአይጥ ምግብ ይሁን፣ ፕሮቲኑ ከ18 በመቶ ያላነሰ። አንድ ትልቅ አይጥ በቀን ከ15 እስከ 20 ግራም ይበላል፤ አራስ ግን የዚያን ሁለትና ሦስት እጥፍ ስለምትበላ አትስፈሪላት። የውሃው ጡጦ ጫፍ ላይ ያለችውን ኳስ በየጠዋቱ በጣትሽ ንኪያት። ጉዝጓዝ ገብቶ ይደፍናታል፣ ጡጦው ግን ሙሉ ስለሚመስል አይታወቅም። ውሃ ያጣች አራስ ወተቷ ይደርቃል፣ ልጆቿንም ትበላለች።

እንስቷ አራት ወር ሲሞላትና 250 ግራም ገደማ ስትሆን ወንዱን አስገቢላት። በየ4 ወይም 5 ቀኑ ስለምትፈልግ 10 ቀን አብሯት ከቆየ ይበቃል፤ ከዚያ አውጪው። ከወለደች በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል ወንዱ በወሊድ ጊዜ አጠገቧ መገኘት የለበትም። እያጠባች የምታረግዝ እንስት ቶሎ ትጃጃለች፣ ውላጇም ያንሳል። እርግዝናው ከ21 እስከ 23 ቀን ነው። ሆዷ ሲገፋ ለብቻዋ ሳጥን ስጫት፣ ቀለም የሌለበት ለስላሳ ወረቀትም ጨምሪላት፤ ጎጆዋን ራሷ ትሠራለች። በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሳጥኑን አታተራምሽ፣ በተለይ የመጀመሪያዋ ከሆነ። ለምግብ ስትወጣ ልጆቹን አንዴ ቃኚያቸው፤ ጠብተው ከሆነ ወተቱ በስስ ቆዳቸው ሥር በሆዳቸው ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጩ ከሌለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ውሃ፣ መኖ ወይም ጭንቀት ነው። የሞተውን ቶሎ አውጪ።

ዓይናቸው በሁለት ሳምንት ገደማ ይከፈታል። ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ለትንሹ እባብ የሚሆኑትን በሚዛን ለዪ። የቀሩትን እስከ አምስተኛው ሳምንት ለትልቁ አቆዪ፣ ከዚያ አታሳልፊ፤ በዚያ ዕድሜ ወንዶቹ እህቶቻቸውንና እናታቸውን ማስረገዝ ይጀምራሉ።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። በሕይወት ያለ አይጥ ለእባብ አትስጪ፤ አይጡ ይሠቃያል፣ እባቡንም ነክሶ ያቆስላል። ከእነ ነፍሱ ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ጭካኔ ነው። የሚያፍነውን ጋዝ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ ወይም በደረቅ በረዶ የሚሠሩም አሉ፤ መጠኑን መቆጣጠር ስለማይቻል አትሞክሪው። የሚሻለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያውና ከነፍሰት መለኪያው ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2020 መመሪያ በየደቂቃው ከሳጥኑ መጠን ከ30 እስከ 70 በመቶ የሚሆን ጋዝ ይግባ ይላል፤ ለ20 ሊትር ሳጥን ከ6 እስከ 14 ሊትር በደቂቃ ማለት ነው። ሳጥኑን አስቀድመሽ በጋዝ አትሙዪው፣ የማይተዋወቁትንም አታቀላቅዪ። ትንፋሻቸው ከቆመ በኋላ ጋዙ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ይቀጥል፤ ከዚያ የልባቸውን ምት ፈትሺ። ከ10 ቀን በታች ያሉትን በዚህ መንገድ አትንኪ፤ አየር ማጣትን ስለሚቋቋሙ ሞታቸው እጅግ ይረዝማል። ስሌቱን ከሦስተኛው ሳምንት የጀመርኩልሽ ለዚህም ጭምር ነው። ምድር ቤት ውስጥ እንዳትሠሪው፤ ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ተኝቶ አንቺኑ ሊገድልሽ ይችላል። የጋራዡ በር ወለል ብሎ ይከፈት። የመጀመሪያውን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም አጠገብሽ ሆኖ ያሳይሽ።

በከረጢት በአንድ ረድፍ ዘርግተሽ፣ ክብደቱንና ቀኑን ጽፈሽ አቀዝቅዢ። ፍሪዘሩ ለዚህ ብቻ የተለየ ይሁን፤ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በቅዝቃዜ አይሞትም። ለመመገብ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይፍታ፣ ከዚያ በከረጢቱ እንዳለ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ እስከ 38 ዲግሪ አሙቂውና በረጅም መቆንጠጫ ስጪ። ማይክሮዌቭ ሆዱን ያፈነዳዋል።

እናቶቹ ዓመት ሲሞላቸው መውለዱ ይብቃቸው፤ አብረው ያርጁ።

ስለ ጤናሽ አንድ ነገር አደራ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ በዊስኮንሲንና በኢሊኖይ አይጥ እቤታቸው የሚያረቡ ሰዎች ሴኡል (Seoul) በሚባል ቫይረስ ተይዘው ነበር፤ አይጦቹ ራሳቸው የታመሙ አይመስሉም። ጉዝጓዝ ስትቀይሪ ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ አቧራው እንዳይነሳ ትንሽ ውሃ እርጪበት። አይጥ ከነከሰሽ በሳሙና በደንብ እጠቢው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ወይም ሳምንታት ትኩሳት፣ ሽፍታ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣብሽ ጉንፋን ነው ብለሽ አትቀመጪ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂና ሳይጠይቅሽ አይጥ እንደምታረቢ ንገሪው።

አባትሽ