«ኤምቢ» የሚለው አጻጻፍ ይታረም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የፋይል መጠንም የኢንተርኔት ፍጥነትም በአንድ ስም «ኤምቢ» እየተባለ ይጻፋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነታቸውም ስምንት እጥፍ ነው። በላቲን ፊደል ትንሿ «ቢ» ቢትን (ዜሮ ወይም አንድ ብቻ የሚይዘውን ትንሹን የመረጃ መለኪያ)፣ ትልቋ «ቢ» ባይትን ታመለክታለች። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አህጽሮቱ ወደ አማርኛ ሲገባ ልዩነቱ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ «ሜጋቢት» ወይም «ሜጋባይት» ተብሎ በሙሉ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም።

አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በቢት፣ የፋይል መጠን በባይት ነው። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር ቢበዛ በሴኮንድ 12.5 ሜጋባይት ያወርዳል። ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚጓዘው የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃም ድርሻውን ስለሚወስድ፣ ቁጥሩ ከ12 ትንሽ ዝቅ ቢል መስመሩ ተበላሽቷል አያሰኝም። 3 ጊጋባይት ፋይል በሴኮንድ 50 ሜጋቢት በሚሄድ መስመር በስንት ጊዜ ይወርዳል? 3,000 ሜጋባይት በ8 ሲባዛ 24,000 ሜጋቢት፤ ለ50 ሲካፈል 480 ሴኮንድ፣ ማለትም 8 ደቂቃ። በ8 ማባዛቱን የዘነጋ ሰው 1 ደቂቃ ያገኝና ቀሪውን 7 ደቂቃ መስመሩን ሲረግም ይቆያል።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ብዙ ሰው የተታለለ የሚመስለው በእሱ ነው፦ 1 ቴራባይት የተባለው ሃርድ ዲስክ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ 931 ጊጋባይት ሆኖ ይታያል። የጎደለ ነገር የለም። አምራቹ የቆጠረው በሺህ እያባዛ ነው፤ ስለዚህ 1 ቴራባይት 1,000,000,000,000 ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1,024 እያካፈለ ይቆጥራል። ይህንኑ ቁጥር ለ1,024 ሦስት ጊዜ አካፍሉት፦ መጀመሪያ 976,562,500፣ ቀጥሎ 953,674 ገደማ፣ በመጨረሻ 931.3 ይመጣል። አጭሩ መንገድ በሺህ የተቆጠረውን ጊጋባይት በ0.931 ማባዛት ነው፤ ለመመለስ በ1.074። በዚህ ስሌት 64 ወደ 59.6፣ 500 ወደ 465.5 ይወርዳል። የማክ ኮምፒውተሮች ደግሞ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) የ10.6 ስሪት ወዲህ በሺህ ስለሚቆጥሩ፣ ያው ዲስክ እዚያ 1 ቴራባይት ተብሎ ይነበባል።

ክፍተቱ ከደረጃ ደረጃ እየሰፋ መሄዱም ልብ ሊባል ይገባል። በኪሎ 2.4 በመቶ የነበረው በሜጋ 4.9፣ በጊጋ 7.4፣ በቴራ 10 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ቺፕ፣ ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ቺፑ ራሱ ሁለት በራሱ እየተባዛ በሚገኝ ቁጥር (2፣ 4፣ 8 እያለ 1,024 በሚደርሰው) ስለሚሠራ 8 ጊጋባይት ራም ሁልጊዜ 8,589,934,592 ባይት ነው።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ1998 (እ.ኤ.አ.) በ1,024 ለሚቆጠረው ኪቢባይት፣ ሜቢባይት፣ ጊቢባይት የሚሉ ስሞችን አውጥቷል። ሊኑክስ ላይ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ይጠቀሙባቸዋል። ጋዜጣ ላይ ይግቡ ብዬ ግን አልሟገትም፤ «ጊቢባይት» ሲባል የአንባቢ ሐሳብ ወደ ግቢ ቢሄድ አይፈረድበትም። «በ1,024 ስሌት» የሚል ሐረግ ማከል ይበቃል።

ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ፋት32 በተባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4,294,967,295 ባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በሺህ ስሌት 4.2 ጊጋባይት የሆነ ቪዲዮ 4,200,000,000 ባይት ስለሆነ ይገባል። በዊንዶውስ 4.2 ተብሎ የሚታየው ግን ወደ 4,509,700,000 ባይት ይጠጋል፤ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። እንዲህ ሲያጋጥም ፍላሹን ይህ የ4 ጊጋባይት ገደብ በሌለው ኤክስፋት በተባለ አደረጃጀት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል። ፎርማት በውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ግድ ነው።

እርግጠኛውን መጠን የሚፈልግ ዘጋቢ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭኖ ፕሮፐርቲስን ይክፈትና በቅንፍ ውስጥ ያለውን የባይት ቁጥር ይውሰድ፤ እሱ በየትኛውም ስሌት አይለወጥም። ከሥሩ የሚታየው «በዲስክ ላይ ያለው መጠን» ሌላ ነገር ነው። ዲስክ ቦታ የሚሰጠው በቁራጭ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜም ቁራጩ 4,096 ባይት ስለሆነ፣ ጥቂት ሺህ ትንንሽ ፋይሎች ከመጠናቸው በላይ ቦታ ይይዛሉ።

በነካ እጄ፣ በዓምዱ «አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው» መባሉም ለአማርኛ አይሠራም። ኮምፒውተር ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አራት ነጥቡም እንዲሁ። አንድ ባይት የሚበቃው ለባዶ ቦታውና በዚህ ደብዳቤ ለተጠቀምኩባቸው አኃዞች ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዓምዱ ተከታታይ