ለሂሩት፦ አፍሽን ክፈቺ!

ሂሩትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ዲቪ ደርሶሽ ሚኒሶታ መግባትሽን ከሰው አፍ መስማቴ ቅር ቢለኝም እሰይ፣ እንኳን ደህና ገባሽ! እህትሽ ግን አንድ የማይዋጥልኝ ነገር ነገረችኝ። እንግሊዝኛ እየፈራሽ አፍሽን አትከፍቺም አሉ። አንቺ? ክፍል ውስጥ አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ስትገለብጪ ማንም የማይደርስብሽ?

ስሚኝማ። 'ሺ ጎ' ብለሽ ኤሷን ብትረሻት ሰው ይገባዋል፣ ዞር ብሎም አያይሽም። ጣጣ የሚያመጣው ሌላ ነው። እኛ 'መኪና የለሽም?' ስንባል 'አዎ፣ የለኝም' እንላለን፤ ልክ ብለሃል ማለታችን ነው። እነሱ ጋ ከሌለሽ፣ እንዴትም ይጠየቅ፣ መልሱ 'ኖ' ነው። በምሠራበት ክሊኒክ አንድ አባት 'ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?' ሲባሉ 'የስ' አሉ፣ የለኝም ለማለት። ነርሷ እስክሪብቶዋን አንስታ የምን አለርጂ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እሳቸው ፈገግ ብለው አሁንም 'የስ'! ፔኒሲሊን ይሁን ኦቾሎኒ እስኪጣራ አበሳችንን አየን። ግራ ሲገባሽ የስና ኖን ተያቸውና ሙሉውን 'አይ ዶንት ሃቭ ኤኒ' በዪ። ደግሞ አንዱ መጥቶ 'ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?' ካለሽ 'የስ' እንዳትዪው፣ አባረርሽው ማለት ነው። 'ኖ፣ ጎ አሄድ' ነው።

ስትጠይቂም እንደዛው። እኛ አክብሮቱን ግሡ ላይ እንጨርሰዋለን፣ 'ይስጡኝ' ካልሽ አለቀ። እንግሊዝኛ አንቺና እርስዎ የለውም፣ ለሁሉም 'ዩ' ነው፣ ስለዚህ ጨዋነቱን ከ'ኩድ' እና ከ'ዉድ' ነው የሚያመጣው። 'ጊቭ ሚ ዋተር' ፕሊስ ቢጨመርበትም ትእዛዝ ትእዛዝ ይላል። 'ኩድ አይ ሃቭ ሰም ዋተር?' በዪ። አለቃሽንም 'አይ ዎንት ሳተርዴይ ኦፍ' ሳይሆን 'ኩድ አይ ሃቭ ሳተርዴይ ኦፍ?' በያት። አንዳንዱ ሐበሻ ሳይቆጣ ቁጡ የሚመስለው በዚች ነው ባይ ነኝ።

የቀሩት ጥቃቅን ናቸው። 'ዲስከስ' ካልሽ 'አባውት' አያስፈልገውም። 'ኤክስፕሌይን ሚ' ሳይሆን 'ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ'። 'ስደርስ' ለማለት 'ዌን አይ ዊል አራይቭ' አይባልም፣ 'ዌን አይ አራይቭ' ይበቃል። የ'ኤ' እና የ'ዘ' ነገር ቡና ተፈልቶ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም፣ ደውዪልኝ። ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ ብቻ እናወራለን፣ ሐሜቱን ከዛ በኋላ በአማርኛ።