ሄድፎን የሚመዘነው ጭንቅላት ላይ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውድ ሄድፎኖች በቴክኖሎጂ ዓምዶች የሚወጡ ጽሑፎች፣ የእናንተንም ጨምሮ፣ አንድ መልክ አላቸው። የድራይቨሩ (ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ስፋት በሚሊሜትር፣ “ከ5 እስከ 40,000 ሄርዝ” የሚል ቁጥር፣ የባትሪው ዕድሜ፣ ዋጋው፣ በመጨረሻም “ድምፁ ጥርት ያለ፣ ምቾቱም የሚመሰገን ነው” የሚል ብይን። አንባቢ ይህን አምኖ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመዱን ያስቸግራል። ዕቃው መጥቶ ጭንቅላቱን ሲያጣብቀው ወይም ባሱ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ) ሲሳሳበት መመለሻ የለውም፤ በሰው ሻንጣ የመጣ ዕቃ ማን መልሶ ይቀበለዋል? ይህን ያህል ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ከካርቶኑ ጀርባ በተገለበጠ ቁጥር ሊመዘን አይገባም።

ትልቁ ስህተት ለድምፅና ለምቾት ለየብቻ ነጥብ መስጠት ነው። ሄድፎን ላይ ሁለቱ አይነጣጠሉም። ባስ እንዲሰማ በጆሮና በድራይቨሩ መካከል ያለው አየር መታፈን አለበት። ጆሮ ዙሪያ የሚያርፈው ትራስ ቆዳ ላይ ካልገጠመ አየሩ ይሾልካል፣ ባሱም አብሮት ይሄዳል፤ በተለይ ከ100 ሄርዝ በታች ያለው። ለዚህ ሰፊ ክፍተት አያስፈልግም፤ የመነጽር ዘንግ ይበቃል። ጆሮ አጠገብ የሚያልፍ ወፍራም ሹሩባ፣ ትራሱ ሥር የታጠፈ ሻሽ ወይም ሒጃብም ያው ነው። ፀጉሩን የተላጨ ገምጋሚ “ባሱ ያንቀጠቅጣል” ያለለትን ሄድፎን፣ ሹሩባ የተሠራችና መነጽር የምታደርግ እህቱ “ባስ የሚባል የለውም” ብትል ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ግምገማ ስታወጡ ማን እንዳደረገው፣ መነጽር ይኑረው አይኑረው፣ ፀጉሩ እንዴት ያለ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓትም እንዳደረገው ብትጽፉልን ከድራይቨሩ ሚሊሜትር ይበልጥ ይጠቅመናል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከበሮ ወይም ቤዝ ጊታር የጎላበት ሙዚቃ ከፍቶ ሁለቱን ጎኖች በመዳፍ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ጫን ማድረግ። ባሱ በጥቂቱ ቢጨምር ደህና ነው። ከየት መጣ እስኪባል ድረስ ቢያብጥ ግን ትራሱ አልገጠመም። ከዚያ መነጽር አውልቆ መድገም። ልዩነቱ ጀርባቸው ዝግ በሆኑት ላይ ይጎላል።

ክብደት በግራም ይጻፍ፤ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ገመዱ ሳይቆጠር 260 ግራም ነው። የአፕሉ ኤርፖድስ ማክስ 385 ግራም ያህል፣ የኦዲዚ ኤልሲዲ ኤክስ ደግሞ 600 ግራም አካባቢ። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። ክብደቱ መሃል አናት ላይ በአንዲት ጠባብ ቦታ ካረፈ 300 ግራሙም ያሳምማል፤ ሰፋ ያለ ማንጠልጠያ ቆዳ ላይ ከተከፋፈለ 400 ግራሙ ይቻላል። ሕመሙ ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይታወቅም። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በኋላ አናት ላይ እንደ አውራ ጣት የሚጫን ነጥብ ሆኖ ይጀምራል። ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ስለ ምቾት የተሰጠ ፍርድ ግምት ነው።

የጎን ጥብቀት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኤችዲ 600ም ሆነ ወንድሙ ኤችዲ 650 አዲስ ሲሆኑ ጨብጠው ይይዛሉ። ጉንጭና መንጋጋ ላይ የሚሰማው ጫና በወራት ውስጥ ይላላል። መቸኮል ካስፈለገ ከጭንቅላት ትንሽ ሰፋ ያለ የመጽሐፍ ክምር ላይ አንድ ሌሊት ማሳደር ይበቃል። አብዝቶ ማላላት ግን ጉዳት አለው፤ ትራሱ ይለቅና ከላይ ወደተናገርኩት የባስ መሹለክ እንመለሳለን። ፕላስቲክ ቀስት ያለውን በእጅ ለመለጠጥ መሞከር ደግሞ መስበር ነው።

ዘመድ ከመላክ በፊት ጆሮን በማስመሪያ መለካት ያስፈልጋል፤ ቁመቱን፣ ስፋቱን፣ ከሁሉ በላይ ከጭንቅላት ምን ያህል እንደሚወጣ። ሰው የሚረሳው ይህን ሦስተኛውን ነው። የትራሱ ውስጥ ጥልቀት ከዚያ ካነሰ የጆሮው ጫፍ ድራይቨሩን የሸፈነውን ጨርቅ ይነካል፤ መጀመሪያ ያሳክካል፣ በኋላ ይለበልባል። ትራሱ በአገልግሎት ሲሟሽሽም ይኸው ይከተላል፤ ድራይቨሩ ወደ ጆሮ ይጠጋል፣ ድምፁም ይለወጣል። ያገለገለ ሄድፎን የገዛ ሰው የፋብሪካውን አዲስ ትራስ ሳይቀይር “ይህ ሞዴል አይረባም” ማለት የለበትም። ሌላ ኩባንያ የሠራው ትራስ፣ በተለይ ከቬሉር (ከለስላሳ ጨርቅ) ወደ ቆዳ ሲቀየር፣ ሄድፎኑን ሌላ ሄድፎን ሊያደርገው ይችላል።

ወደ ድምፁ ስንመጣ የመጀመሪያው አሳሳች ነገር ጩኸት ነው። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ከፍ ሲል ጆሯችን ባሱን በተሻለ ይሰማል። ስለዚህ በ2 ዲሲቤል ብቻ የጮኸው ሄድፎን የጮኸ ሳይሆን “የሞላ” ይመስለናል። ከማወዳደር በፊት ማመጣጠን የግድ ነው። ጠንካራ ካርቶን ላይ የድምፅ መለኪያ መሣሪያው ማይክ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ መብሳት፣ ትራሱን ካርቶኑ ላይ ማስቀመጥ፣ ፒንክ ኖይዝ የሚባለውን ዶፍ ዝናብ የመሰለ ድምፅ መክፈት፣ የሁለቱን ሄድፎኖች ንባብ እስከ ግማሽ ዲሲቤል ማቀራረብ። ቁጥሩ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን መጠን አይነግረንም፤ ለማመጣጠን ብቻ ነው። ቅርጻቸው በጣም የተለያየ ከሆነ በሰው ንግግር ላይ በጆሮ ማስተካከያ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሙዚቃ ሳይሆን ንጹሕ ቃና ይምጣ። ከ20 ሄርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚወጣ ቃና በመጠነኛ ድምፅ ሲሰማ የሚያንዘረዝር ነገር ካለ ድራይቨሩ ላልቷል፣ ወይም፣ ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥመው፣ አንዲት ፀጉር ገብታ ሜምብሬኑን (የድራይቨሩን የሚንቀጠቀጥ ስስ ሽፋን) ትነካለች። የግራና የቀኙ ሚዛን ደግሞ በሞኖ (በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት በሆነ) ንግግር ይታያል፤ ድምፁ ግንባር መሃል መቀመጥ አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሄድፎኑን አዙሮ ማድረግ ነው። ዝንባሌው አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የሄድፎኑ ወይም የመሣሪያው ነው፤ ካልዞረ የራስ ጆሮ ነው፣ ሐኪም ማየት አይከፋም።

ለሙዚቃው ፈተና ከውጭ ግምገማዎች የተቀዳ የጃዝ ዝርዝር አያስፈልገንም። በገና አለን። የበገና አውታር ድምፅ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው፤ ዝቅ ያለው የአውታሩ ቃና፣ በላዩም እንዚራ የምንላት ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ንዝረት። ጥሩ ሄድፎን ላይ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ግን ከአንድ ቦታ፣ ከአንድ አውታር ይመጣሉ። ባሱ የሳሳ ሄድፎን እንዚራውን ብቻ ያስቀርና በገናውን የዝንብ ድምፅ ያደርገዋል። ባሱ ያበጠ ደግሞ አውታሩን ወደ ጉርምርምታ ይለውጥና እንዚራውን ይቀብረዋል። ለላይኛው (ለቀጭኑ) የድምፅ ክልል ጸናጽልን የሚያህል የለም። የብረቶቹ ምት በየግላቸው መጀመሪያና መጨረሻ ሊኖራቸው ይገባል፤ ሁሉም ተደባልቀው የመርፌ ዝናብ ከሆኑ 8,000 ሄርዝ አካባቢ ጉብታ (ከልክ በላይ የጎላ ድምፅ) አለ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990 በዚህ ጉብታው ይታወቃል፤ የሚወዱት አሉ፣ ለረጅም ማዳመጥ ግን አድካሚ ነው እላለሁ።

የራሳችን ቋንቋም መሣሪያ ነው። ዜና አንባቢ “ቀጭን ጨርቅ” ሲል ቀ እና ጨ ፈንድተው ወዲያው መቆም አለባቸው፤ ጅራት ካወጡ ሄድፎኑ ቶሎ አይሰክንም። ጸ ከሰ በግልጽ ካልተለየ የላይኛው ክልል ደብዝዟል። ሰ እና ሸ ከቃሉ ወጥተው ጆሮ የሚወጉ ከሆነ ደግሞ በዝቷል። ለዚህ ግን ንጹሕ ቅጂ ያስፈልጋል። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ሸክላዎች ሀብታችን ናቸው፤ ከተጫረ ሸክላ በተገለበጠ ፋይል ሄድፎን መዳኘት ግን የሸክላውን ዕዳ ለሄድፎኑ ማስከፈል ነው።

ብዙ ውድ ሄድፎን የሚወቀሰው ከስልክ ጋር በቀጥታ ተሰክቶ ነው። ኤችዲ 600 ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 300 ኦም፣ በ1 ሚሊዋት የሚሰጠው ድምፅ ወደ 97 ዲሲቤል ነው። 1 ቮልት የሚያወጣ የስልክ አዳፕተር 3.3 ሚሊዋት ያህል ይሰጠዋል፤ ጣሪያው 102 ዲሲቤል አካባቢ ይሆናል። ለብዙ ዘፈን ይበቃል። ዝግ ብሎ ጀምሮ በድንገት ለሚነሣ ኦርኬስትራ ግን አይበቃም፤ 110 ለመድረስ 20 ሚሊዋት፣ ማለትም 2.45 ቮልት ይፈልጋል። አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ሲገዛ የመውጫው ኢምፒዳንስ ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ማየት ነው። 120 ኦም መውጫ ያለው አሮጌ አምፕሊፋየር የኤችዲ 600ን ባስ ከ1 ዲሲቤል በላይ ያወፍረዋል፤ የሄድፎኑ ኢምፒዳንስ 100 ሄርዝ አካባቢ ከ500 ኦም ስለሚያልፍ። “ይህ አምፕ ሙቀት አለው” የሚባለው አንዳንዴ ይህ ብቻ ነው።

ጩኸት የሚያፍኑ ሽቦ አልባዎች ማፈኛው በርቶም ጠፍቶም ይሰሙ፤ በብዙዎቹ ላይ ድምፁ ይለወጣል። ማፈኛው የጄነሬተርን ጉርምርምታ በደንብ ያጠፋል፣ የጎረቤትን ወሬ ግን ያን ያህል አይደለም። በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ስለሚያሳልፈው ኤልዳክ (የብሉቱዝ ድምፅ መላኪያ ዘዴ) የሚጻፈው ማስታወቂያ ለአይፎን ባለቤት አይሠራም፤ አይፎን ኤኤሲ በተባለው ሌላ ዘዴ ነው የሚልከው። ፈተናው ሲረዝም የድምፁን መጠን መጠበቅም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዲሲቤል ነው፤ በ3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። የደከመ ጆሮ ደግሞ የሚወጋውን ድምፅ “ጥርት ያለ” ይለዋል።

ዕቃው ለደረሳቸው አንባቢዎች የመጨረሻ ነገር ልጨምር። አስመስለው የተሠሩ ስላሉ ከማዳመጥ በፊት ሁለት መለኪያዎች አሉ። አንደኛው ሚዛን ነው፤ ገመዱን ነቅሎ ከፋብሪካው ግራም ጋር ማስተያየት። ሁለተኛው ማልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ነው፤ በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ለሌለው ባለገመድ ሄድፎን ብቻ። ማልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በጃኩ (በመሰኪያው) ሥር፣ ሌላውን በጃኩ ጫፍ ማስነካት የግራውን ይሰጣል፤ ከጫፉ ወደ መካከለኛው ቀለበት ማዛወር የቀኙን። ሁለቱ በጥቂት ኦም ካልተቀራረቡ አንዱ ድራይቨር ወይም ገመዱ ችግር አለበት። ካርቶኑ 250 ኦም እያለ ማልቲሜትሩ 30 ካነበበ ካርቶኑና ዕቃው አይተዋወቁም፤ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ፣ ዘመድም ተመልሶ ሳይበር መናገር ይሻላል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የድምፅ ባለሙያ
አዲስ አበባ