ለሰሊጥ ሠራተኛው ምን ዓይነት ቤት?

ለአዘጋጁ፦

የመተማና የሁመራ የሰሊጥ እርሻ ሠራተኞች መጠለያ በብሎኬትና በቆርቆሮ ይሠራላቸው የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩ። መጠለያ ይሠራ በሚለው እስማማለሁ። በቆርቆሮው ግን አልስማማም።

ከ1000 ሜትር በታች ባለ ቆላ የቆርቆሮ ቤት ቀን ምድጃ ነው። ሲመሽም የብሎኬቱ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ሠራተኛው ጋቢውን ይዞ ይወጣና ከግራር ሥር ይተኛል። ካላ አዛር የተባለውን፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መዋያዋ እዚያው ነው፤ በግራሩ አካባቢና በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የወረደው ወጣት ሰውነቱ በሽታውን አልተላመደም፤ ክፉኛ ይጎዳል።

የጉሙዝ ቤት ይህን ሙቀት ያውቀዋል። ግድግዳው የተጠላለፈ ሽመል (የቆላ ቀርከሃ) ስለሆነ ነፋስ ያሳልፋል። የሣር ክዳኑ ወደ ታች ወርዶ ፀሐይና ዝናብ ይከልላል። ጎተራው ደግሞ በእንጨት ቋሚዎች ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሠራል። (እህል ከፍ ብሎ እያደረ ሰው ስንጥቅ ላይ መተኛቱ ይገርመኛል።) ቤቱ እንዳለ ይቀዳ አልልም፤ በሽመሉ ክፍተት ዝንቧ ትገባለች። የመኝታው ወለል እንደ ጎተራው ከፍ ይበል፤ በየመኝታው ቀዳዳው ደቃቅ የሆነ፣ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ይሰቀል።

የወረዳ ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ከባለሀብቶች ጋር ሆነው ከመጪው የአረም ወቅት በፊት በአንድ እርሻ ላይ 20 ሰው የሚይዝ የሙከራ ቤት ያሠሩ። ሠሪዎቹ ሙያው ያላቸው የአካባቢው ሰዎች ይሁኑ፤ ተገቢው ክፍያም ይከፈላቸው። ሙከራው ከተሳካ፣ የእርሻ መሬት ውል ሲታደስ መጠለያው እንደ ግዴታ ይግባ።